የጨዋው ገበሬ ቀኝ እጅ

አንድ ገበሬ ነበረ።

ቆይ፣ ዝናሽ፣ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ። ጥያቄሽን ሸሽቼ አይደለም ወደ ወሬ የገባሁት። «እትዬ ብርቄ፣ ሰኞ የሐኪሞቹ ቦርድ ፊት ቀርቤ ይሄ ይጎድለኛል፣ ይሄ ያቅተኛል ብዬ ከተናገርኩ፣ በገዛ አፌ ተሸነፍኩ ማለት አይደለም ወይ?» ብለሽኛል። በደንብ ሰምቼሻለሁ። ስፌት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ክር ሲላላብሽ ከማሽኑ ድምፅ አውቅብሽ ነበር፣ አሁንም ከራስሽ ድምፅ ብዙ ነገር አውቃለሁ። ቀኝ ዓይንሽ ማየት ካቆመ ስምንት ወር ሆነው፤ ግራውም ደከም ብሏል። የአካል ጉዳት ማስረጃውን ካገኘሽ ፋብሪካው ወደ ልብስ ማጠፊያ ክፍል ያዛውርሻል። ካላገኘሽ ከዚያ ፈጣን ማሽን ጋር ትቀጥያለሽ፤ መርፌው ደግሞ ሁለት ጊዜ ጣትሽን በስቶታል። ሦስተኛውን መስማት አልፈልግም። ስለዚህ ቁጭ በይና ስሚኝ። እኔ እየሰፋሁ ነው የማወራው፤ ይህ የተማሪ ዩኒፎርም ለነገ ይፈለጋል።

እናልሽ አንድ ገበሬ ነበረ። አገሩ ሸለቆ ነው። ከላይ ከወንዙ የተጠለፈ ውሃ በረዥም ቦይ እየወረደ የሁሉንም ማሳ ያጠጣል። ውሃው በተራ ነው። ተራውን የሚያከፋፍሉ፣ በውሃ የተጣላውን የሚያስታርቁ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ የውሃ አባት ይባላሉ። ከእሳቸው ጋር ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ጸሐፊ ይቀመጣሉ። ሕጋቸው አጭር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከየቤቱ አባወራው አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ቦዩን ይጠርጋል። የቀረ ሰው የዚያን ጊዜ ተራው ይዘለላል፤ ሦስት ጊዜ የቀረ ከነጭራሹ ይሰረዛል። አካሉ የጎደለ ሰው ግን ጠረጋው ይቀርለታል፣ ውሃው አይቀርበትም። ይህ የሚሆነው ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው አይተው ካመኑ ነው።

ገበሬው ሽንኩርትና ቃሪያ ያለማል። ውሃ ከሌለ ሽንኩርት የለም፤ ሽንኩርት ከሌለ እሱና ሚስቱ የሚበሉት የለም። ይህን ያዢልኝ።

አንድ ቀን ለሞፈር የሚሆን እንጨት ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጣ። ቅርንጫፉ ቀድሞት ወረደ፣ እሱም ተከተለው። በቀኝ ትከሻው ወደቀ። ወጌሻ አሸው፣ ሳምንት ሙሉ በቅቤ ተለወሰ፣ አልሆነም። ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሙ ወደ እጁ የሚወርደው ነርቭ ተበጥሷል፣ ከእንግዲህ አይመለስም ብሎ ቁርጡን ነገረው። እጁ ግን አለ። ቆዳው አልተላጠ፣ አምስቱም ጣቶች በቦታቸው ናቸው፣ ጥፍሩም እንደ ወትሮው ያድጋል። ብቻ ከትከሻው አይነሣም፣ ጣቶቹም አይጨብጡም። ሐኪሙ ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶት ነበር፤ ግን የሐኪም ጽሑፍ ታውቂያለሽ። እንኳን የሸለቆው ጸሐፊ፣ ራሱ ሐኪሙም ተመልሶ የሚያነበው አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ወር ክፉ ነበር። ውሸት አልነግርሽም። ሰውየው ቁልፍ መቆለፍ አቃተው፣ ጫማ ማሰር አቃተው፣ አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀንበር አይቶ አለቀሰ። ምግብ ሲቀርብ «አልራበኝም» ይላል። ረሃብ እያንገበገበው እኮ ነው። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው፣ በአርባ ዓመቱ ግራውን ሞሰብ ውስጥ መስደድ እንዴት ይቻለው?

ሚስቱ ቀልደኛ ነበረች። «አንተ ሰው፣ እጅህ ጡረታ ወጣ እንጂ ቤቱ አልተዘጋም። ያኛውስ እስከ ዛሬ ምን ሠርቶ ያውቃል? በል ተራው ነው፣ ይነሣ» አለችው። ከዚያ በኋላ ግራውን ሥራ ማስተማር ጀመሩ። ግራው ደግሞ አርባ ዓመት ተቀምጦ የበላ ነውና ልግመኛ ነበር። መጀመሪያ ጢሙን ሲላጭበት ግማሹን አገጩ ላይ ትቶ ገበያ ወጣ። የሱሪውን ቁልፍ ሚስቱ ፈታ ጥላ በመታጠቂያ ገመድ ተካችው፤ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ሌላውን በግራው ይስባል። እኔ ብሆን ወገቡን በላስቲክ እሰፋለት ነበር፣ ግን ማን ጠየቀኝ?

ማረስ ደግሞ ነበረ። እርፉን በአንድ እጅ ይዘሽ ጅራፉን በሌላው ነው። አሁን እርፉን ግራው ያዘ፤ ለጅራፉ እጅ የለም። በሬዎቹ ይህን ባንድ ቀን ተረዱና ቆሙ። ለመናቸው፣ ሰደባቸው፣ በስማቸው ጠራቸው፣ ዘፈነላቸው። ሳምንት ፈጀበት እንጂ መጨረሻ ላይ በአፉ ብቻ ሲያዞራቸው ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያይ ጀመር። ያን ቀን ሰውየው ሲስቅ ሚስቱ ከጓሮ ሰማችው፣ ከስንት ወር በኋላ።

መብላቱንም ዘዴ አበጁለት። ሰው ባለበት ሚስቱ ታጎርሰዋለች። ሠርግ ቢሄዱ፣ ተዝካር ቢሄዱ፣ ከአጠገቡ ቁጭ ብላ ጉርሻ በጉርሻ ላይ ታደርገዋለች። ሰው ምን አለ? «ሃያ ዓመት ከተጋቡ በኋላ እንዲህ ያለ ፍቅር!» አለ። ሴቶቹ ባሎቻቸውን በነገር ወጓቸው። ገበሬውም ዝም አለ፣ ደስ ብሎታላ!

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ልብ በይ። በክረምት ቦዩ አይጠረግም፤ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ግን ሊጠረግ ሆነ። ገበሬው አካፋ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ከጠረጋው በፊት ባለው ሐሙስ የውሃ አባቱና ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት ሄደ፣ አካሌ ጎድሏልና እዩልኝ ሊል።

እንዴት ሆኖ እንደሄደ ልንገርሽ። ታጠበ። ጢሙን ተላጨ፣ አሁን ሁለቱንም ወገን። ነጭ ጋቢውን ለብሶ በትልቅ ሰው ፊት እንደሚገባው አጣፋ። ደረቱን ነፋ። እዚያ ሲደርስ የውሃ አባቱ እጃቸውን ዘረጉለት። የገበሬው ቀኝ እጅ ብቻውን አይነሣም፤ ስለዚህ በግራው ከክንዱ ሥር ይዞ አነሣውና፣ ጎንበስ ብሎ ሰጣቸው። አየሽ? በእኛ አገር ለትልቅ ሰው እጅ የሚሰጥ ሰው ቀኙን በግራው ደግፎ ነው የሚሰጥ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ዛሬ ዛሬ እንዲህ እጅ የሚሰጥ ማን አለ?» ተባባሉ።

«እንደምን ነህ?» አሉት የውሃ አባቱ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና፣ ይመስገን።»

«ከብቱ፣ አዝመራው?»

«ደህና ነው።»

«ያ የወደቅክበት እጅህስ?»

ሰውየው ሊናገር ነበር፣ እውነቴን ነው። አፉ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው አንድ መልስ ብቻ ነው። «ተመስገን፣ ደህና ነው» አለ። ጸሐፊው አጎንብሶ ጻፈ፦ እጁ ደህና ነው።

ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። «ምን አሉህ?» አለችው። «ጨዋ ነህ አሉኝ» አላት። «ውሃውስ?» አለችው። ጋቢውን አውልቆ ሰቀለ። ቅዳሜ አካፋውን በገመድ ቀኝ እጁ ላይ አሳስሮ ቦዩ ድረስ ወረደ፤ አንዴ ሲያነሣው ራሱ ተገልብጦ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። ሰዎቹ ለቀልድ ያደረገው መስሏቸው እስኪበቃቸው ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ፣ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እንደቀረ ተቆጠረበት።

በሁለተኛው ሐሙስ ደግሞ ሄደ። አሁን እናገራለሁ ብሎ መንገዱን ሁሉ ሲለማመደው ነው የሄደው። «ቀኝ እጄ አይሠራም፣ ቀኝ እጄ አይሠራም» እያለ። ነገር ግን እንደ በፊቱ እጅ ሰጥቶ እንደተቀመጠ የውሃ አባቱ በጣሳ ጠላ አቀረቡለት። ቀኙ ጉልበቱ ላይ ተኝቷል። ግራውን ከሥሩ አስገብቶ ሁለቱን ባንድ ላይ አነሣቸው፤ ጣሳው ቀኝ መዳፉ ላይ ተቀመጠ፣ ግራው ከታች ያዘለት። በሁለት እጅ ተቀበለ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ አክብሮት የት አለ? ሽማግሌዎቹ አንጀታቸው ራሰ።

እንደምንም አፉን ከፍቶ «እጄ እንኳ ትንሽ ያስቸግረኛል» አለ። ትንሽ አለ! ሽማግሌዎቹ ምስክር ይጠራ አሉ፣ ጎረቤቱ ተጠራ። ጎረቤቱ ይወደዋል። ወዳጅን ደግሞ በአደባባይ አሳንሶ መናገር የት የተለመደ ነው? ቆመና «እሱ? እሱ ምን ይሆናል! አንበሳ ነው እኮ! እናንተ በሁለት እጃችሁ የማታርሱትን በአንድ እጁ ያርሳል። በሬዎቹ ድምፁን ሲሰሙ ይንቀጠቀጣሉ!» አለ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ገበሬው እያፈረ ፈገግ አለ፤ ማፈሩም ትሕትና ተባለለት። ጸሐፊው ጻፈ፦ ደህና ነው፣ ምስክርም አለው።

ቅዳሜ ጠረጋው ሆነ፣ እሱ የለም። ሁለት ሆነ ማለት ነው። ከእንግዲህ አንድ ቢቀር ተራው ይሰረዛል፣ ማሳውም እዚያው ያከትማል።

የዚያን ሰሞን ፀሐዩ ከረረ። የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ ቢጫ ሆነ። ሚስቱ እንስራ አዝላ ወንዝ እየወረደች፣ ዳገቱን እየወጣች፣ መደቡን አንድ በአንድ ታጠጣለች። በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። እሱ በግራው ጀሪካን ይዞ ይከተላታል፣ ግን አንድ ጀሪካን ለዚያ ሁሉ ሽንኩርት ምኑ ነው? አንድ ከሰዓት በኋላ እንስራውን አወረደችና ትከሻዋን አሸች። ገመዱ ቆርጧት ቆስሏል። ቁስሏን አይቶ «ምነው ሳትነግሪኝ?» አላት።

ያቺ ቀልደኛ ሴት ያን ቀን አልቀለደችም። «አንተስ ለማን ነገርክ?» አለችው። «እነሱ ፊት ስትቀርብ ሸክምህን ሁሉ ደብቀህ ትቀርባለህ። ያንተን ጨዋነት በእንስራ የምሸከመው እኔ ነኝ።»

ገበሬው ጀሪካኑን አስቀመጠ። ሄዶ መደቡ ዳር ተቀመጠ። ተናደደ፣ መጀመሪያ በእሷ፣ ቀጥሎ በሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ በዛፉ። የሚናደድበት ሁሉ ሲያልቅ ራሱ ብቻ ቀረ። እናም ያኔ አንድ ነገር ገባው። ሰዎቹ እጁን እንዳያዩ ያደረጋቸው እሱ ነው። ጨዋ ሲሉት ደስ ይለዋል፣ አንበሳ ሲሉት ደስ ይለዋል፣ ባለ ፍቅር ሲሉት ደስ ይለዋል። እጄ አይሠራም ያለ ቀን እነዚህ ሁሉ የሚወሰዱበት መስሎታል። የፈራው ይህን ነበር፤ እንጂ እጁማ ከዛፉ ሥር ነው የቀረው።

ሦስተኛው ሐሙስ መጣ። ጋቢውን አልለበሰም፤ በሥራ ልብሱ፣ በዚያው በገመድ በታሰረ ሱሪው ሄደ። ሚስቱ አብራው ሄደች፣ ግን ራቅ ብላ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። ሽማግሌዎቹ ሲያዩት ደስ አላቸው፤ ጨዋው መጣ አሉ። የውሃ አባቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ለእሱ ብለው ተነሥተው፣ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉለት።

ገበሬው ቀኙን እንደተንጠለጠለ ተወው። ግራ እጁን ዘርግቶ ሰጣቸው።

ዝናሽ፣ ለአንድ ሽማግሌ በሰው ፊት ግራ እጅ መስጠት ምን እንደሆነ እኔ አልነግርሽም። አንደኛው ሽማግሌ «ምን ዓይነት ንቀት ነው?» ብለው ተነሡ። የውሃ አባቱ እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ ፊታቸው ጠቆረ። ገበሬው ግን ግራውን አላጠፈም።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ልንቅዎ አይደለም» አለ። «ያለኝ እጅ ይህ ነው። እስከ ዛሬ የሰጠሁዎት ቀኝ ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ ግራዬ ነው ተሸክሞ የሚያመጣልዎ። ካላመኑ ይያዙት።»

የውሃ አባቱ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የተንጠለጠለውን ቀኝ እጅ ያዙና አነሡት። ቀዝቃዛ ነው፣ ይከብዳል። ለቀቁት፤ ወደቀ። ደግመው አነሡት፣ ጣቱን ጨበጡት፣ መልስ የለውም። «ሁለት ጊዜ ጨብጬዋለሁ፣ አንድም ጊዜ አላወቅኩትም» አሉ።

ያ የተቆጡት ሽማግሌ ግን ገና አልበረዱም። «ታዲያ እስከ ዛሬ ደህና ነኝ እያልክ ለምን ዋሸኸን?» አሉት።

ገበሬው ቀና አለ። ሚስቱ ከሩቅ ስታየው ፊቱ ላይ ያ በሬዎቹ የታዘዙለት ቀን የነበረው ሳቅ መጣ። «አልዋሸሁም እኮ» አለ። «ደህና ነኝ። አርሳለሁ፣ እበላለሁ፣ ከሚስቴ ጋር እስቃለሁ። ቀኝ እጄ ደግሞ አይሠራም፣ አካፋ አይዝም፣ ከእንግዲህም አይመለስም። አንዱን ስል ሌላው የሚሰረዝ መስሎኝ ነው የቆየሁት።»

ጸሐፊው ግራ ገባው። «አሁን የትኛውን ልጻፍ?» ብሎ ጠየቀ።

የውሃ አባቱ ተመልሰው ተቀመጡና «ሁለቱንም ጻፍ፣ ምን ቸገረህ? ወረቀቱ እንደሆነ ሰፊ ነው» አሉት። ጸሐፊውም ጻፈ፦ ሰውየው ደህና ነው፤ ቀኝ እጁ አይሠራም። ሦስቱም ሽማግሌዎች ጣታቸውን ቀለም ውስጥ እየነከሩ ፈረሙበት።

ውሃው በማግሥቱ ገባለት። ሚስቱ እንስራዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሽንኩርቱ ውሃ ሲጠጣ ቁጭ ብላ አየች። በጠረጋው ቀንም ቢሆን ገበሬው ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከላይ እስከ ታች በቦዩ ዳር እየሄደ ውሃ የሚያፈተልክበትን ቦታ እየፈለገ ይናገራል። እግር እንጂ እጅ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ሠርግ ደግሞ ግራውን ሞሰብ ውስጥ ሰደደ። አንዲት አሮጊት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ከዚያ ምንም አልሆነም፣ ሁሉም መብላቱን ቀጠለ። ሚስቱ ግን ማጉረሷን አልተወችም። አሁን ያለ ምክንያት ነው የምታጎርሰው፣ ሴቶቹ የባሰ ተናደዱ።

አንድ ሌላ ነገርም ሆነ፣ ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ ይቆጨኛል። የገበሬውን ነገር የሰማ አንድ ሰነፍ፣ እጁ ድፍን ጤነኛ የሆነ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ እየተጎተተ መጣና ለውሃ አባቱ ግራውን ዘረጋ። «ቀኜ ሞቷል» አለ። የውሃ አባቱ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከኪሳቸው ሎሚ አወጡና ድንገት ወረወሩለት። ሰውየው በቀኙ ቀለበው። እንዴት ያለ ቅልብ መሰለሽ! ያን ቀን ቦዩን ብቻውን ጠረገው።

ስቀሻል። ተመስገን፣ ጥርስሽን አየሁት። አሁን ወደ አንቺ ልዙር።

ያ ገበሬ አንቺ ነሽ። ዓይንሽ ከውጭ ሲያዩት እንደ ድሮው ነው፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ። ፋብሪካ ያሉት ጓደኞችሽ ቀኝ ወገንሽን ለማየት አንገትሽን ስታዞሪ «ዝናሽ ኮራች» ይላሉ፤ አንቺም የታመመች ከሚሉሽ የኮራች ቢሉሽ መርጠሽ ዝም ብለሻል። እናትሽ እንደምን ነሽ ሲሉሽ ደህና፣ አለቃሽ ሲጠይቅሽ ደህና፣ ሐኪሙ ሲጠይቅሽ እንኳ ደህና ብለሽ ወጥተሻል። ሸክሙን ግን ያቺ ጣትሽ ተሸክማልሻለች፣ ሁለት ጊዜ ተበስታ። ይህ ያናድደኛል፣ አዎ፣ እቆጣሻለሁ። እኔ ያንን ጣት ስፌት ያስተማርኩት መርፌ እንዲይዝ ነው፣ መርፌ እንዲገባበት አይደለም።

ተሸነፍኩ ማለት አይደለም ወይ ነው ያልሽኝ። ገበሬው ግራውን የዘረጋ ቀን ምን አጣ? እጁን እንደሆነ ቀድሞ አጥቶታል። ማረሱ ቀረበት? ሚስቱ ተወችው? እስቲ አንድ ያጣው ነገር ካለ ንገሪኝ። እኔ ስቆጥር የማገኘው አንድ ነው፤ መደበቁን አጣ። እሱን ደግሞ ማንም አልፈለገውም። አንቺም ወረቀቱ ላይ ዓይኗ አያይም ተብሎ ቢጻፍ፣ የዝናሽ እጅ ስፌት አያውቅም ተብሎ አልተጻፈም፣ ዝናሽ አትስቅም ተብሎ አልተጻፈም። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ዓይን ነው። ስለቀረውማ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፣ ዕድሜሽን ሙሉ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ግን አትሸሺኝ። ታናሽ እህትሽ ዛሬ ጠዋት እዚህ መጥታ ነበር። ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ፣ ያንን ሹካ የመሰለ ምልክት ያለበትን፣ በስልክ ፎቶ አንሥተሽ በቃልሽ እያጠናሽ ነው አለችኝ። «ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ» እያልሽ ስትዞሪ ሰምታሻለች። ዝናሽ! በእናትሽ! ሰው ማየት አለመቻሉን ሊያስመዘግብ ሄዶ፣ አጥንቶ መቶ ከመቶ ያመጣል? እኔ እንጃ፣ ከሳቄ የተነሣ ይህን ኮሌታ ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ። ደግሞ አውቃለሁ ለምን እንደሆነ። ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው መውደቅ የለበትም ብለሽ ነው ያደግሽው። ይህኛው ሰሌዳ ግን የተሰቀለው አንቺን ሊጥልሽ አይደለም፤ ምን ያህል እንደቀረሽ ሊያውቅልሽ ነው። ያላየሽውን አየሁ ካልሽ ጣትሽን ይዘሽ ወደ ማሽኑ ትመለሻለሽ።

ሰኞ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ። አብሬሽ እገባለሁ፣ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፣ አንዲት ቃል ከዚያ ሽምደዳሽ ብታወጪ ግን ሐኪሙ ፊት በመቀስ ነው የምወጋሽ። ሹካው የት ዞረ ሲሉሽ፣ ሹካውን ካላየሽው አላየሁትም በይ። ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ይንቀጥቀጥ፣ ማን ሊከለክለው? ደግሞ ያንን ሰማያዊ ቀሚስሽን ልበሺ፣ የሰፋሽውን። ኩልሽንም ተቀቢ። ቆንጆ ዓይን ነው ያለሽ፤ ቆንጆ ነው፣ አያይም። ሁለቱንም ሳትፈሪ በይልኝ።